አርባ አንድ ቦታ የተፋቀው ስም

ሾፌር፣ እባክህ ያንን የስልክህን መብራት አጥፋልን። ዓይኔን ወጋኸኝ እኮ! የጠፋውን መብራት አንተ ልትመልሰው ነው? ተወው፣ ይጨልም። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ብርድ ነው። እትዬ ስንዱ፣ በሩ አጠገብ አይቀመጡ፣ ወደ መሃል ይግቡ።

ለነገው ንግሥ ብለን ከአውቶቡስ ከወረድን ጀምሮ ታሪክ ካልነገርከን ብላችሁ አስጨነቃችሁኝ። እሺ፣ እነግራችኋለሁ። ግን ጣልቃ የሚገባብኝ ሰው ካለ ተጠቅልዬ ነው የምተኛው። የምሬን ነው።

የመናፍስት ታሪክ ሲባል ሌሊት ይመስላችኋል፣ አይደል? ሌሊት አልነበረም። ቀትር ነበር። ስድስት ሰዓት። ጥላህ እግርህ ሥር ገብታ የምትጠፋበት ሰዓት። ወፍ ዝም፣ ቅጠል ዝም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ላይ አለ። ከዚያ ወደ መንደሩ የምትወርድ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በግራዋ ገደል፣ በቀኟ ቁጥቋጦ፣ መሃሏ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ። በቃ። ቤት የለ፣ እርሻ የለ፣ ሰው የለ። መንደሩን አልነግራችሁም። ለምን? አልነግራችሁማ!

በዚያ መንደር ድሮ ተድባብ የሚባል ሰው ነበር። መሪጌታ ተድባብ። ብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ ነው። እጁ ሌላ ነበር! ሦስት ቀን መንገድ ተጉዘው መጥተው ጻፍልን ይሉታል። ጥቁሩን በጥቁር፣ ቀዩን በቀይ፣ ፊደሉ አንዱ ካንዱ አይበልጥ አያንስ። ሲሳሳት ደግሞ በቢላዋ ይፍቀውና በላዩ ይጽፍበታል። የት ጋ እንደተሳሳተ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። በዚህ ይኮራ ነበር። ከመጻፉ ይልቅ በመፋቁ ይኮራ ነበር፣ ሰማችሁ?

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ድሮ አንድ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሲያስጽፍ ስሙ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል። የዓለም ስሙ አይደለም፣ የክርስትና ስሙ። በየጸሎቱ መሃል «ተዘከር እግዚኦ ለገብርከ» ይላል፣ አቤቱ አገልጋይህን አስበው ማለት ነው። ሴት ከሆነች «ለአመትከ» ይላል። ከዚያ ስሙ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ሰውየው ይሞታል፣ ልጆቹም ይሞታሉ፣ ስሙ ግን በየሰንበቱ ይጠራል። ለዚህ ብሎ ነው የሚያስጽፈው፣ ሌላ ለምን?

በዚያ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ያስጻፈችው መጽሐፍ ነበር። ልጅ አልነበራትም፣ ወንድም እህት አልነበራትም። ያላትን ሁሉ ሰብስባ አስጻፈችው፣ ሰጠች፣ ሞተች። ቄሱም በየእሁዱ «ተዘከር እግዚኦ ለአመትከ» እያለ ስሟን ይጠራል፣ ሕዝቡም አሜን ይላል። ስንት ዓመት? ብዙ ዓመት።

አንድ ቀን ባላምባራስ ጓንጉል ተድባብን አስጠሩት። የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። መጽሐፉን ከደብሩ አለቃ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«መሪጌታ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርህ» አሉት።

«ይዘዙኝ ጌታዬ።»

«ይቺን ሴትዮ አውጣልኝና እኔን አስገባኝ።»

ተድባብ ክው አለ። ባላምባራስ ሳቁ።

«ምን ያስደነግጥሃል? ከሞተች ስንት ዘመኗ! ዘመድ የላት፣ ልጅ የላት፣ ማን ይቀየምሃል? ደግሞ የተድባብ እጅ ምልክት አይተውም ሲሉ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው እንዴ?»

አያችሁ? እጁን አመሰገኑለት። እምቢ ሊል የነበረው ሰው እጁ ሲመሰገን ጊዜ አፉ ታሰረ። ከዚያ ተነሡና በገዛ እጃቸው ጥቁር ካባ ጣሉበት። ካባ! ተድባብ በዕድሜው ካባ ለብሶ አያውቅም። ለብሶ ወጣ። እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር የሚሉት እትዬ ስንዱ፣ እርስዎ እንኳ ይተዉት፣ ካባውን አላዩትም።

ቤቱ ተቀመጠና መፋቅ ጀመረ። ስሟ አርባ አንድ ቦታ ነበር። ፍቆ፣ «ለአመትከ» የምትለዋንም «ለገብርከ» አድርጎ የባላምባራስን ስም እስኪጽፍ ሦስት ቀን ፈጀበት። አንዲት ነገር ደግሞ አደረገ፤ ይቺን ልብ በሉልኝ። ስሟን ላለማንበብ ተጠነቀቀ። መጀመሪያዋን «ወለተ» የምትለዋን አየ፤ የሴት የክርስትና ስም መቼም ባብዛኛው በእሷ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ከፊደሉ አንዱን እግር ብቻ እያየ ይፍቃል፣ ሌላውን እግር ያያል፣ ይፍቃል። ካላነበብኩት የእጅ ኃጢአት ብቻ ነው ብሎ። የማንን ስም እንደፋቅሁ ካላወቅሁ እግዜርም አይጠይቀኝም ብሎ። የተማረ ሰው እኮ ነው! ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል?

የመጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርስ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን» ይላል። የሰረቀው፣ የፋቀው፣ የተወገዘ ይሁን። አላወቀውም? እንዴት አያውቀው! በጻፈው መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚያሰፍረው እሱው ነው። ምን አደረገ ታዲያ? ዘለለው። ግዝት መፋቅ ፈራ። ስም መፋቅ ያልፈራ ሰው ግዝት መፋቅ ፈራ! ግዝቱን እንዳለ ትቶት መጽሐፉን አጠፈ።

ሚስቱ አትጠገብ ቤት ልትጠርግ መጣች። መደቡ ሥር ቀይ ብናኝ ተከምሯል።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው።

«ቀለም ነው።»

«የምን ቀለም?»

«ቀለም ነዋ! ጥረጊው አልኩሽ!»

ጠረገችው። ከአመድና ከገለባ ጋር ደጅ ጣለችው።

እሁድ መጣ። ቄሱ አባ ዘድንግል መጽሐፉን ገልጠው አነበቡ። «ተዘከር እግዚኦ ለገብርከ» አሉና የባላምባራስን የክርስትና ስም ጠሩ። ሕዝቡ አሜን አለ። አንድም ሰው ቀና አላለም። ባላምባራስ ደረታቸው ሰፋ፣ ተድባብ ካባውን አስተካከለ። ሰው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆይቶ ከባላምባራስ ምስጋናውን ተቀበለና ብቻውን ወደ ቤቱ ወረደ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ሾላው ጋ ሲደርስ ከኋላው ምን ሰማ?

ክር… ክር… ክር…

ቆመ። ድምፁም ቆመ። ዞረ። ማንም የለም። መራመድ ሲጀምር ክር… ክር… ክር… ሌላ ሰው ቢሆን እንስሳ ነው፣ ቅርንጫፍ ነው ይል ነበር። ተድባብ ግን ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ቢላዋ ብራና ሲፍቅ ነው።

በሁለተኛው እሁድ ከሰው ጋር ልውረድ ብሎ አሰበ። ምን ብሎ? መሪጌታው ቀትር ፈራ ሊባል ነው? አፈረና ብቻውን ወረደ። ክር… ክር… ክር… አሁን ከኋላው አይደለም፣ ከጎኑ ነው። ሾላው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቀይ ብናኝ አየ። በጣቱ ነካው። ቀለም ነው። የሱ ቀለም።

በሦስተኛው እሁድ አብሬያችሁ ልውረድ ቢል ሰው ሸሸው። ካባው የምን እንደሆነ ወሬው ደርሷላ። ፊት ለፊት የሚናገረው የለም፣ ሲጠጋቸው ግን ዝም ይላሉ። ብቻውን ወረደ። ሾላው ሥር አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ነጠላዋን ተከናንባለች፣ የቀሚሷ ጫፍ ቀይ ብናኝ ነክቶታል። ጥላ የላትም። ቀትር ነው፣ ማንም ጥላ የለውም፣ እሱ አይደንቅም። ዛፉ ሥር ግን ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ የፀሐይዋ ነጠብጣብ መሬቱ ላይ ይታያል፤ በእሷም ውስጥ አልፎ መሬቱ ላይ ይታያል።

«ደህና ዋልክ ልጄ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ተድባብ። «ማን ልበል?»

«እሱን ልጠይቅህ ብዬ ነው የቆምኩት።»

ሰማችሁ? እሱን ልጠይቅህ ብዬ ነው የቆምኩት አለችው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እንደ ልመና ነው ያለችው።

«በየሰንበቱ ስሜ ሲጠራ የሰማዩ በር ይከፈትልኝ ነበር» አለች። «አሁን የሚጠራኝ የለም። ልግባ ስል ማን እንበል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ጠፋኝ። ሰው ስሙ ይጠፋዋል? ከኋላዬ ስንት ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ በሩ ላይ ተገትሬ አፈርኩ ልጄ። መጽሐፌ እጅህ ላይ ነበር። ምን ይል ነበር? እባክህ?»

ተድባብ አፉን ከፈተ።

«ወለተ…»

«አዎ፣ ወለተ። እሱን እኔም አስታውሳለሁ። ከዚያስ?»

«ወለተ… ወለተ…»

«ከዚያስ ልጄ?»

አርባ አንድ ጊዜ! አርባ አንድ ጊዜ ዓይኑ ሥር ያለፈ ስም አንዲቱ ፊደል እንኳ አልመጣለት አለ። ላለማንበብ ተጠንቅቋላ! ሴትዮዋ ዞር ማለት ጀመረች። ተድባብ ፊቷን ሳያይ እግሬ አውጪኝ አለ።

ቤቱ ደርሶ ወደቀ። ለአትጠገብ ሁሉንም ነገራት። እሷም ሰምታ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ያ የጠረግኩት ቀይ ነገር እሷ ነበረች?»

አትጠገብ ነጠላዋን አንሥታ ደጅ ወጣች። አመድ የደፋችበት ቦታ ሄዳ ተንበረከከች፣ አፈሩን በእጇ ትፈልጋለች። ምን ታገኛለች? ዝናብ ወስዶታል። ተድባብ በር ላይ ቆሞ አያት። ካባው ያን ጊዜ ከበደው።

በማግስቱ አባ ዘድንግል ዘንድ ሄደ። የንስሐ አባቱ ናቸው። መጽሐፉን ሃያ ዓመት ያነበቡትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያውቁታል፣ እሳቸው ካላወቁ ማን ያውቃል? እግራቸው ላይ ወድቆ ሁሉንም ተናገረ።

«በገዛ እጅህ ያጠፋኸውን በገዛ እጅህ ታቀናለህ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ቀኖና የለህም» አሉት። «የባላምባራስን ፍቀህ የእሷን መልስ።»

«እመልሳለሁ አባቴ። ስሟን ይንገሩኝ።»

አባ ዘድንግል ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«አባቴ?»

«ወለተ…» አሉ። ከዚያ አቆሙ። መስቀላቸውን ካንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ተጽፎ ሳየው አነበው ነበር። ምን ልበልህ ልጄ፣ አነበው ነበር እንጂ… ወይኔ! ሃያ ዓመት!»

አለቃውን ጠየቁ። አለቃው አያውቁም። ዲያቆናቱ አያውቁም። ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። «የመጽሐፏ ሴትዮ ነበር የምንላት፣ ደግ ሴት ነበረች» አሉ። ስሟስ? እ… ስሟ እንኳ… አሉ። አገር ሙሉ ሰው በየእሁዱ አሜን ሲልላት ኖሮ አንድ የሚያውቃት ጠፋ። ተድባብ ሲያስበው ፋቂው እሱ ብቻ አልመስል አለው። ግን እሱ ምን ያጽናናል? ምንም አያጽናናም።

በአራተኛው እሁድ አባ ዘድንግል መጽሐፉን ገለጡ። ከማንበባቸው በፊት ተድባብ ከወንዶቹ መሃል ወጥቶ ቆመ።

«ጎበዝ! ስሙኝ!» አለ። «የሴትዮዋን ስም የፋቅሁት እኔ ነኝ። ለካባ ብዬ ነው። እንዳላነበው ዓይኔን እያሸሸሁ ነው የፋቅሁት፣ ስለዚህ ስሟን አላውቀውም። ላስገባት ብዬ ማስገቢያ አጣሁ። ከእናንተ መሃል የሚያውቀው ካለ ስለ እግዚአብሔር ይንገረኝ!»

ባላምባራስ ጓንጉል ተነሥተው መጡና በሕዝብ ፊት ካባውን ከትከሻው ገፈፉት። ተድባብ እንዲያውም እንዲመቻቸው ትከሻውን ዝቅ አደረገላቸው። ሰው መሬት መሬቱን ያያል። አንድም የሚያውቅ የለም።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔም አላውቀውም።»

ዞሩ። ማን አለ? ማንም የለም! በሩ ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ ቀይ ብናኝ።

ተድባብ የባላምባራስን ስም አርባ አንዱንም ቦታ ፋቀው። «ለገብርከ» የምትለዋን «ለአመትከ» ብሎ መለሰ፣ የስሙን ቦታ ግን ባዶውን ተወው። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልያዘም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ «ተዘከር እግዚኦ ለአመትከ» ይልና አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል። ሕዝቡም ያቀረቅራል። እሷም እስከ ዛሬ ቀትር ላይ ሾላው ሥር ትቆማለች። ብቻውን ያገኘችውን ሰው ትጠይቃለች። ሽማግሌዎቹ ታዲያ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ፦ በዚያ መንገድ በቀትር ብቻህን አትሂድ። ከሄድክና ከጠየቀችህ አላውቅም በላት። ማፈርህን እፈር፣ ግን አላውቅም በላት። የሌላ ሰው ስም እንዳትሰጣት!

ተረት ነው አልክ ሾፌር? ጣልቃ አትግባብኝ አላልኩህም?

ይሁን፣ ከጀመርኩት ልጨርሰው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ጨለማው ነው የሚያናግረኝ፣ ፊቴን አታዩትማ። መንደሩ የኔ ነው። እዚያ ነው ተወልጄ ያደግሁት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እናቴን ከቀበርን ገና አርባዋ እንደወጣ፣ በዚያ መንገድ በቀትር ወረድኩ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ብቻዬን ነበርኩ።

ቆማለች። ነጠላዋን ተከናንባለች።

«ልጄ፣ ማን ብለው ነበር የሚጠሩኝ?» አለችኝ።

ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ የለም? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። አላውቅም ማለት ነው፣ በቃ! አፌ እምቢ አለኝ። ፈራሁ። ደግሞ ያቺን የመሰለች ምስኪን አሮጊት አላውቅሽም ብሎ መሸኘት አሳፈረኝ። «ወለተ… ከዚያስ?» ስትለኝ አፌ ላይ የነበረውን ስም ሰጠኋት። በዚያ ሰሞን በፍትሐቱ፣ በአርባዋ ሲጠራ የሰማሁት እሱን ብቻ ነበር።

የእናቴን ስም ሰጠኋት።

«ተባረክ ልጄ» አለችኝና ሄደች። ደስ ብሏት ነው የሄደችው፣ አረማመዷን አይቻለሁ። እኔም አውቶቡሴ ላይ ደረስኩ።

የእናቴ ሙት ዓመት ደረሰ። ዘመድ ተሰብስቧል፣ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ። የእናቴን የክርስትና ስም ጠሩ። ከሴቶቹ ኋላ ምን ተባለ ትላላችሁ?

«አቤት!»

እናቴ ድምፀ ጎርናና ነበረች። አፏን ስትከፍት ከጎረቤት ታስታውቃለች። ያ ድምፅ የእናቴ አይደለም። ሌላ ማንም የሰማው የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት። በየዓመቱ ስሟ በተጠራ ቁጥር እሰማዋለሁ። ታዲያ ያቺኛዋ ከገባች የኔዋ የት ነው የቆመችው? በሩ ላይ ማን እንበል ሲሏት ምን ትላቸዋለች? ስሙን ሰው ወስዶታል ሲሏትስ? ልጄ ነው የሰጠው ትላለች?

ለዚህ ብዬ ነው እዚህ ንግሥ የምመጣው፣ ለንስሐ አባት ልናገር። ስምንት ዓመት መጣሁ። በየዓመቱ ደጃቸው ላይ እደርሳለሁ፣ ሰው ተሰልፎ አያለሁ፣ አፍሬ እመለሳለሁ። ነገም እንዳልመለስ እፈራለሁ።

ምን አሉ እትዬ ስንዱ? አብረን እንጸልይላት? እግዜር ይስጥልኝ። ስሟን ማን ልበል ብለው ግን አይጠይቁኝ። በዚህ ጨለማ ስሟን ብጠራው፣ አቤት የምትለኝ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ?